ባዶውን ያልመለስኩት ሚሞሪ

ሰበታ ውስጥ ሬዲዮው የታመመበት፣ ቴፑ ካሴት የበላበት፣ ኋላም ስልኩ ዘፈን አልጭንም ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻው የእኔ ሱቅ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን እውነት ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ እጄ ነው። መጀመሪያ የፈታሁት ሬዲዮ የአባቴ ነበር። መልሼ ስገጥመው ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ዘፈነ። የእንግሊዝኛን ፊደል የተማርኩት ከቴፕ ጀርባ ላይ ነው። ኮምፒውተር የጀመርኩት እኩዮቼ ከዘራ በሚመርጡበት ዕድሜ ነው። ካሴት ሲሞት ወደ ሲዲ፣ ሲዲ ሲሞት ወደ ፍላሽና ሚሞሪ ተሻገርኩ። አንዱም ዘመን ጥሎኝ አልሄደም።

ሱቄን ስዘጋ ይዤው የወጣሁት ሀብት ዘፈን ብቻ ነው። ሀብቱ ግን ተበታትኗል። ገሚሱ ክዳኑ በጠፋ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተከማቹ ሚሞሪዎች ላይ ነው፤ ገሚሱ ማያው በተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣ ገሚሱ ደግሞ ክር አስሬ ሚስማር ላይ በሰቀልኳቸው ፍላሾች። ባለቤቴ በዚህ ተማርራለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ምስር ስለቅም ከጠጠሩ ጋር ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። አንዱ አምልጦኝ ወጥ ውስጥ ከገባ ሆድህ ውስጥ ይዘፍንልሃል።»

እውነቷን ነበር። መርካቶ ወርጄ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። መጠኑ ከመዳፌ አይበልጥም። ሻጩ አጠቃቀሙን ሊያስረዳኝ ሲጀምር «ልጄ፣ እኔ አንተ ሳትወለድ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ» ብዬ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኩትን በአንድ ቦታ አድርጌ በኪሴ ልይዘው ነው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህንኑ አወራሁ። ወሬው በአንድ ሳምንት ሱሉልታ ደረሰ፤ ሱሉልታ ደግሞ የወዳጄ አገር ነው።

ወዳጄ ከብት አርቢ ነው። ወተት ለአዲስ አበባ ያስረክባል። የተዋወቅነው ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ነው፤ ሬዲዮው እስኪሠራ ድረስ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሲያንጎራጉር ሰማሁትና ሥራዬን አቁሜ አዳመጥኩት። እኔን ሥራ ያስቆመ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ዘፋኝ አይደለም፤ መድረክ አይቶ አያውቅም። ግን ሴት ልጆቹን ሲድር ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ፊታቸው ቆሞ ምርቃቱን ያዜመዋል፤ ገሚሱን በኦሮምኛ፣ ገሚሱን በአማርኛ። ለእያንዳንዷ የራሷ ነው፤ የአንዷን ለሌላዋ አይደግመውም። በአካባቢው «ከዚያ ቤት ሙሽራ ስትወጣ ሂዱና ስሙ» ይባላል።

ጉሮሮውን የታመመው ትንሿ ልጁ ሳትዳር ነው። ሐኪሞቹ ነፍስህ ትተርፋለች፣ ድምፅህ ግን ይሄዳል አሉት። ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ ብቻውን በረት ገብቶ፣ ስልኩን ግርግም ላይ አስቀምጦ፣ የትንሿን ምርቃት ቀዳው። ያኔ ልጅቷ እጮኛ እንኳ አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። መጻፍም አያውቅም።

ልጅቷ ቡራዩ የምትሠራ፣ ቁጥብና ጨዋ ልጅ ናት። ሁዳዴ እንደገባ ከቡራዩ ሰበታ ድረስ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ሚሞሪ መዳፌ ላይ አኖረች።

«አባባ፣ እርስዎ ሁሉንም አንድ ቦታ እየሰበሰቡ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይህ የአባቴ ነው።»

«ሌላ ቅጂ አለው?»

«የለውም። ስልኩ የወተት ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞተ። የተረፈችው ይህችው ናት።»

«ወተት ጠጥቶ የሞተ ስልክ የመጀመሪያው ነው» አልኳት፤ ሳቀች። ሚሞሪዋን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ አንዲት ላም ጮኸች። ቀጥሎ ወዳጄ ጉሮሮውን ጠረገና «የመጨረሻዬ» አለ። የሚጠራት እንዲያ ነው። ዜማውን ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

«ይብቃ አባባ፣ ይዝጉት። እኔም ሰምቼው አላውቅም። ለቀኑ ብዬ ነው ያቆየሁት።»

ዘጋሁት። «አይዞሽ» አልኳት፤ «የአባትሽ ድምፅ እኔ ዘንድ ገባ ማለት ባንክ ገባ ማለት ነው። ባንክስ ይዘጋል። በሰርግሽ ቀን ፍላሽ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን አጥርቼ፣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

እጄን ስማ ሄደች።

አሁን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የእሷን ሚሞሪ ወደ አዲሱ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። «ድምፆች» የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ ከተትኩት። የወዳጄ ስልክ ለቅጂው የሰጠው ስም «ቮይስ 001» ነበር። ቀጥሎ የራሴን የብስኩት ቆርቆሮ አመጣሁ። በውስጡ በአንድ ወቅት በየሰርጉና በየድግሱ ይዤው ስዞር የነበረች የድምፅ መቅጃ ሚሞሪ አለች። እሷንም እዚያው ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ ቆመና ጠየቀኝ። በዚህ ስም የተቀመጠ አለ፤ ልተካው? ልተወው? ሁለቱንም ልያዝ?

ይህን ጥያቄ በሱቅ ዘመኔ በቀን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ «ሙላልኝ» ይላል፤ ግማሹ ዘፈን ቀድሞም አለው። ስሙ አንድ ከሆነ ዘፈኑም አንድ ነው። ለእያንዳንዱ እሺ እያልን ከምንቆይ «ሁሉንም ተካ» ብለን ወደሚቀጥለው ደንበኛ ነው። ጣቴ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ሄዳ ጫነችው። እኔም ጣቴን አመሰገንኳት፤ በዚህ ዕድሜዋ ያላት ፍጥነት ያስገርመኝ ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ነገር ነበር፤ የልጅቷ ሚሞሪ ገና በእጄ ነው። ግን እኛ አገር የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሳህን ተልኮልህ ከሆነ ቆሎም ቢሆን አድርገህበት ነው የምትመልሰው። በሱቄም ያስከበርኩት ሕግ ይኸው ነበር፤ ከእኔ ቤት ባዶ ሚሞሪ አይወጣም። ስለዚህ ንጹህ ትሁን ብዬ ፎርማት አደረግኳት። ከዚያ ለሙሽራ የሚሆን የሰርግ ዘፈን፣ የኦሮምኛውንም የአማርኛውንም፣ ከጥንቱም ከአሁኑም መርጬ ጢም አድርጌ ሞላኋት። ልጅቷ መጥታ ስትወስድ «ስጦታ ጨምሬልሻለሁ» አልኳት። አመሰገነችኝ። የምስጋናዋ ደስታ ለቀናት ደረቴን ነፍቶት ነበር።

ፍላሹን ማሰናዳት የጀመርኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አስቀመጥኳት። ትልቁን ድምፅ ማጉያ አገናኘሁ። «አሁን አንቺም የሰው ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ትሰሚያለሽ» አልኩና «ቮይስ 001»ን ከፈትኩ።

ላሟ አልጮኸችም። ጉሮሮም አልተጠረገም። የሰርግ ጫጫታ መጣ፤ በጫጫታው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በኃይል ይናገራል።

«ዝም በሉ እስቲ! ይህች መቅጃ ተራ መቅጃ አይደለችም። ማይኩን እኔ ነኝ የለወጥኩት። ፋብሪካው የሠራው አይረባም፤ ፈትቼ፣ በእጄ ብየዳ…»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄማ አንተ ነህ።»

እኔ ነበርኩ። በወዳጄ ታላቋ ልጅ ሰርግ ላይ መቅጃዬን ስሞክር ነው። ከኋላዬ፣ ከእኔ ልፍለፋ ሥር፣ የወዳጄ ዜማ እንደ ሩቅ ወንዝ ይሰማል። እሱ ለታላቋ ሲያዜም እኔ አጠገቡ ቆሜ ለጎረቤቶቹ ስለ ብየዳዬ አስረዳለሁ። በትንሿ ምርቃት ቦታ የተተካው ይህ ነው። የእሱ 001 ጠፍቶ የእኔ 001 ቀርቷል።

ፎልደሩን ገለባበጥኩ፣ ላፕቶፑን ፈተሽኩ፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። ለልጅቷ ደወልኩና ሚሞሪዋ እንዳለች እንዳትነካ ለመንኳት።

«እንዴ አባባ፣ ስልኬ ላይ ናት፤ የሰርጉን ዝግጅት ፎቶ እያነሳሁባት ነው። ዘፈኖቹን አባቴም ሰምቶ ወደደልዎ። የሱ ድምፅ የታል ብሎ በእጁ ሲጠይቀኝ እሳቸው ጋ ነው፣ አጥርተው ያመጡታል አልኩት። ምን ሆኑ?»

«ምንም፣ ምንም» አልኳት።

ብቻ ሚሞሪዋን እንድትልክልኝ ጠየቅኳት፤ በሰው እጅ ላከችልኝ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አውቃለሁ፤ እሱንም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ነገር ግን የሞላሁት በላዩ ላይ ነው፤ ጢም አድርጌ። ባዶ ብመልሳት ኖሮ ይተርፍ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የወጣልኝ የራሴ ስጦታ ነው፣ የሰርግ ዘፈን ብቻ። ቀጥሎ ድምፄን ከቅጂው ላይ ለማንሳት ሞከርኩ። የእኔ ድምፅና የእሱ እንደ ውሃና ወተት ተቀላቅለዋል፤ የእኔን ስቀንስ የእሱም አብሮ ይከሳል።

ወደ ሱሉልታ የሄድኩት ሰርጉ ሊደርስ ሲል ነው። አዲሱ ገበያ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ውሸት አሰናዳሁ። በዚህም ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ሚሞሪዋ ድሮም ታማ ነበር፣ ወተት ነክቷት ነበር፣ የእኔ እጅ ባይሆን ኖሮ ይህች የታላቋ ቅጂም አትተርፍም ነበር እላለሁ። እንጦጦን አልፈን ወደ ሜዳው ስንወርድ ውሸቱ እንደ አዲስ ጫማ ልክ ሆኖልኝ ነበር።

የወዳጄ ባለቤት ከበሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ! ኮታ፣ ይግቡ ይግቡ! ባለ ሙያችን መጡ!»

ወዳጄ ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሯል። ልጅቷም ለሰርጉ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። ማዕዘኑ ላይ ድምፅ ማጉያ ተውሰው አምጥተው አሰናድተዋል። ወዳጄ ወደ ማጉያው፣ ቀጥሎ ወደ ኪሴ ጠቆመና ሳቀ። ፍላሹን አውጣው ማለቱ ነው።

«ትንሽ ችግር አለ» አልኩ ተቀምጬ። «ያቺ ሚሞሪ ወተቱ ጎድቷት ነበር። ውስጧ ያለው ድሮም ተበላሽቶ…»

«አባባ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ጨዋ ነበር፣ የገደለኝም ጨዋነቷ ነው። «እርስዎ ቤት ስንከፍተው እኮ ደህና ነበር። ላሟ ስትጮህ አብረን ሰማን። ያቁሙልኝ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

 አዲሱ ጫማ እግሬ ላይ ተቀደደ። እኔ በሕይወቴ አላውቅም፣ አበላሸሁ ብዬ አላውቅም፤ ሬዲዮ አልሠራ ካለኝ ጥፋቱ የፋብሪካው ነበር። ያን ቀን ግን የሚለጠፍበት ፋብሪካ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ አጠፋሁት።» ከዚያ ነገርኳቸው፤ ጥያቄውን ሳላነብ መጫኔን፣ ሳልሰማ ፎርማት ማድረጌን፣ መሙላቴን። ስናገር አንገቴን ደፍቼ የወለሉን ምንጣፍ ነበር የማየው።

መጀመሪያ የተናገረችው እናትየዋ ናት። «እንዲጠብቁልን ነው እንጂ እንዲሞሉልን አልሰጠንዎትም።»

 

ልጅቷ ተነሥታ ወደ በረቱ ሄደች። ወዳጄ ፊቱን አዞረና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ ትከሻው ወረደ። ጮኾ ቢሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጣ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ደግሞ መጮኺያው የለም። መጮኺያውን ሐኪሞች ወሰዱት፤ የተረፈውን እኔ ወሰድኩት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ጣቱን ወደ ጆሮው አመጣ። ምን ቀረ? ያለህን አሰማኝ።

«አታሰማኝ በለኝ» አልኩት። እንደገና ጆሮውን ነካ።

የታላቋን ቅጂ የያዘውን ፍላሽ ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁ። «ዝም በሉ እስቲ! ይህች መቅጃ ተራ መቅጃ አይደለችም…» ድምፄ ቤቱን ሞላው። እኔ ስለ ብየዳ፣ ስለ ማይክ፣ ስለ ጃፓኖች አለማወቅ አወራለሁ። ከሥሬ ወዳጄ ለታላቋ ልጁ ያዜማል። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የራሱን ድምፅ ከታመመ ወዲህ የሰማው ያኔ ነው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ስቆ ነው። በእጁ የእኔን አፍ አሳየ፤ አምስቱን ጣቶቹን እየገጠመ እየከፈተ፣ እንደማይዘጋ የዳክዬ አፍ። ሚስቱ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

በረት ሄድኩ። ልጅቷ አንዲት ጊደር አንገት ላይ እጇን ጥላ ቆማ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«የሰማሁት የመጨረሻዬ የሚለውን ብቻ ነው» አለች ሳትዞር። «ያን ቀን ባላስቆምዎት ኖሮ ቢያንስ አንድ ጊዜ እሰማው ነበር።»

ጥፋቱን ለራሷም እያካፈለች ነበር። ይህን ስሰማ እዚያው ፍግ ላይ ብሰምጥ ወደድኩ።

በሰርጉ ቀን ላልሄድ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ገፋፍታኝ ነው የሄድኩት፤ «ስትኩራራ በፊታቸው ነበር፣ ስታፍርም በፊታቸው እፈር» አለችኝ። የታላቋ ምርቃት ይከፈት ብሎ የወሰነው ወዳጄ ነው። የእኔን ልፍለፋ ቆርጦ የሚያወጣለት ሰው ይፈለግ እንደሆነ ሲጠይቁት እጁን ወዘወዘ። እንዳለ ይሁን።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከሱሉልታ ገበሬው፣ ከቡራዩ የልጅቷ የሥራ ባልደረቦች፣ ከአዲስ አበባ የሙሽራው ወገን። ሙሽራዋ መጥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች። ወዳጄ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ላይ ከትልቁ ማጉያ የወጣው የእኔ ድምፅ ነው።

«ዝም በሉ እስቲ!»

ሰው ሳቀ። ወጣቶቹ ተያዩ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ጎተትኩት። ልፍለፋው ቀጠለ፤ ከሥሩ ዜማው ቀጠለ። ያን ጊዜ ወዳጄን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከማጉያው የሚወጣውን ተከትሎ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ማጉያው ሲያርፍ የእሱ ከንፈር አያርፍም፤ ማጉያው ሲረዝም የእሱ ይዘጋል። የታላቋን ትቶ የትንሿን እያዜመ ነው። በበረት ውስጥ የቀዳውን፣ እኔ ያጠፋሁትን፣ ከንፈሩ አልረሳውም። ሙሽራዋ ቀና ብላ አፉን ታየዋለች፤ ከማጉያው ጋር በማይገጥም ቦታ ላይ፣ ብቻዋን፣ «አሜን» ትላለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና «አሜን»።

ምን እንዳላት እኔ አላውቅም። ካለነው ሁሉ ያወቀች እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ምን ያህሉን ከከንፈሩ እንደለቀመች አልጠየቅኳትም። ልጠይቅ አይገባኝም።

አጠገቤ የቆሙ የሙሽራው ወገን አሮጊት ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አዘንብለው ተቸግረው ያዳምጡ ነበር። ክንዴን ነኩኝ።

«ይሄ ለፍላፊ ማነው? የሰውየውን ዜማ ሸፈነብኝ እኮ!»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህ ጥያቄ እስኪመጣ ነበር የምጠብቀው። ይህን ሬዲዮ የሠራው ማነው? ይህን የቀዳው ማነው? ጠያቂው ሳይጨርስ ነበር የምመልሰው።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«እንግዲያ አሁን እንኳ ዝም በል» አሉኝ፤ «ልስማበት።»

ዝም አልኩ።